ከአዲስ ጓደኞች ጋር ወደ ሃኮኔ ፍል ውኃ፦ ከቶኪዮ ተነሥቶ በአንድ ቀን ደርሶ መመለሻ

ጃፓን ለትምህርት ወይም ለሥራ የሚመጡ ልጆች ሁለት ሦስት ወር ሳይሞላቸው አንድ ዓይነት መልእክት ይልኩልኛል። «የክፍል ልጆች ቅዳሜ ሃኮኔ እንሂድ ብለውኛል። ምን ልያዝ? ራቁት ነው የሚገባው የሚሉት እውነት ነው? ንቅሳት አለኝ፣ ምን ይሻለኛል?» ለአንዱ በስልክ፣ ለሌላው በጽሑፍ ስመልስ ቆይቻለሁ። አሁን ጠዋት ከቶኪዮ ከምትነሡበት ማታ እስከምትመለሱበት ድረስ ያለውን በቅደም ተከተል ጽፌላችኋለሁ።

አዎ፣ ራቁት ነው። ግን አማራጭ ስላለ በዚህ ምክንያት ብቻ ጉዞውን አትተዉ። ደረጃ 1 ላይ አማራጮቹን ታገኛላችሁ።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልበል። እዚህ የጻፍኳቸው ሰዓቶች ሁሉ የጃፓን ባቡር ሰሌዳ ላይ እንደሚጻፉት ናቸው፤ 7:00 ማለት በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ለጓደኞቻችሁ መልእክት ስትልኩም እንደዚሁ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፉ። በጭንቅላታችን የምንቆጥረውና በጣታችን የምንጽፈው ሰዓት ሲለያይ ባቡር ያመልጣል።

ስለ ቦታው ማወቅ ያለባችሁ

ሃኮኔ ከቶኪዮ ወደ ደቡብ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በካናጋዋ ግዛት ውስጥ በእሳተ ገሞራ ተራራ ላይ ተበትኖ የሚገኝ ከተማ ነው። መግቢያው ሃኮኔ ዩሞቶ ጣቢያ ነው። ከዚያ ወደ ላይ ጎራ፣ ሶዉንዛንና ኦዋኩዳኒ ይገኛሉ፤ ከኦዋኩዳኒ ማዶ ደግሞ ቁልቁል ወደ አሺ ሐይቅ ይወረዳል። ፍል ውኃው አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በየሰፈሩ አለ። ስለዚህ «ሃኮኔ ሄደን እንታጠባለን» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የትኛው ሰፈር፣ የትኛው ቤት እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሁለት ፎጣ። ትንሿ መታጠቢያው ድረስ አብራችሁ ትገባለች፤ ትልቁ ልብስ ማውለቂያው ክፍል ውስጥ ይቀራል። ብዙ ቦታ ይከራያል፣ ነገር ግን ይዞ መሄዱ ወጪ ይቀንሳል።
- ጥሬ ገንዘብ፣ በተለይ የ100 የን ሳንቲሞች። ዕቃ የሚቆለፍባቸው ሳጥኖች ብዙዎቹ የሚሠሩት በሳንቲም ነው፤ ትንንሽ ሱቆችም ሁሉም ካርድ አይቀበሉም።
- ሱይካ ወይም ፓስሞ የሚባለው የባቡርና የአውቶቡስ መክፈያ ካርድ፣ ገንዘብ የተሞላበት።
- የመኖሪያ ካርዳችሁ። ጃፓን የሚኖር የውጭ ዜጋ ካርዱን ሁልጊዜ መያዝ በሕግ ግዴታው ነው። ለጉብኝት የመጣችሁ ከሆነ ፓስፖርታችሁን ያዙ።
- የፀጉር ላስቲክ። ፀጉር ውኃው ውስጥ መንከር ነውር ነው። ሹሩባ የተሠራችሁ ደግሞ ጠቅልላችሁ አናት ላይ የምታስሩበት ጠንከር ያለ ነገር ያስፈልጋችኋል።
- ያልተቀደደ ካልሲ። በየደጁ ጫማ ታወልቃላችሁ።
- ሹራብ ወይም ጃኬት፣ በበጋም ቢሆን። ኦዋኩዳኒ 1,044 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ቶኪዮ ላይ ከለቀቃችሁት ሙቀት 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ነፋሱም አለ።
- የመጠጥ ውኃ።
- ሁለት የላስቲክ ከረጢት። አንዱ ለረጠበ ፎጣ፣ ሌላው ለቆሻሻ። መንገድ ላይ የቆሻሻ መጣያ እንደ ልብ አይገኝም፤ ሁሉም ቆሻሻውን ይዞ ነው ቤቱ የሚገባው።
- መኪና የሚያዞራችሁ ከሆነ የማቅለሽለሽ መድኃኒት። የመመለሻው አውቶቡስ መንገድ ጠመዝማዛ ነው።

ቤት የሚቀረው የብር ጌጥ ነው። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ የአንገት መስቀሌን ሳላወልቅ ቀኑን ሙሉ ዋልኩ፣ ታጠብኩበትም። ማታ ባቡር ውስጥ ሳየው ነጭ የነበረው ብር ጥላሸት የተቀባ መስሏል፤ በተለይ ቅርጹ መሃል ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ጥቁር ሆነዋል። ከመሬቱ የሚወጣው ጋዝ ውስጥ ያለው ድኝ ከብር ጋር ሲገናኝ የሚሆነው ይኸው ነው። ተወልውሎ ነጻ፣ ግን ቀናት ፈጀ። ማተባችሁን መበጠስ ካልፈለጋችሁ መስቀሉን አውልቃችሁ ክሩን ብቻ አስቀሩ፤ ክሩ ምንም አይሆንም።

ደረጃ 1፦ ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ነገር ተነጋገሩ

ከሁሉም ደረጃዎች ትልቁ ይኼ ነው። ሃኮኔ ላይ የሚበላሽ ነገር ቢኖር ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ቶኪዮ ላይ ሳይነገር በቀረ ነገር ነው።

ሀ) ስለ ገላው። ኦንሰን የሚባለው የጃፓን ፍል ውኃ በተለመደው አሠራር ወንድና ሴት ለየብቻ የሚገቡበት፣ ግን ሁሉም ያለ ልብስ የሚገባበት ነው። የዋና ልብስ የማይፈቀደው ጨርቅ ሳሙናና እድፍ ይዞ ሁሉም ወደሚጋራው ውኃ ስለሚገባ ነው። ጓደኞቻችሁ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከቤተሰባቸው ጋር የገቡበት ስለሆነ ለእናንተ ከባድ ሊሆን እንደሚችል ላይታያቸው ይችላል። ስለዚህ ከቀናት በፊት ንገሯቸው። ከአራቱ አንዱን ምረጡ፦

- ከነሱ ጋር በተለመደው መታጠቢያ መግባት።
- ካሺኪሪ የሚባለውን ለብቻ የሚከራይ መታጠቢያ መያዝ። በሰዓት ነው የሚከፈለው፣ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። ቅዳሜና እሑድ ቶሎ ስለሚያልቅ አስቀድሞ ይያዛል።
- ዩኔሳን ወደሚባለው ትልቅ የውኃ መዝናኛ መሄድ። ኮዋኪዳኒ አካባቢ ነው፤ የዋና ልብስ ለብሶ፣ ወንድና ሴት አብሮ የሚገባበት ክፍል አለው። ወንዶችና ሴቶች ለተቀላቀሉበት ቡድን ከሁሉም የሚቀለው ይኼ ይመስለኛል፤ ቀኑን ሙሉ አብራችሁ ትውላላችሁ።
- አሺዩ፣ ማለትም እግር ብቻ መንከር። ሶዉንዛን ጣቢያ ላይ ተራራውን እያያችሁ እግራችሁን የምትነክሩበት ቦታ አለ። ቾኮኩ ኖ ሞሪ በሚባለው፣ ደጅ ላይ በተዘረጋው የቅርጻ ቅርጽ ሙዚየም ግቢ ውስጥም አለ።

«እኔ እግሬን ብቻ ነው የምነክረው፤ እናንተ ግቡ፣ በዚህ ሰዓት እዚህ ቦታ እንገናኝ» ማለት ማንንም አያስቀይምም። የሚከብደው ደጁ ላይ ደርሶ፣ ሁሉም ጫማውን አውልቆ፣ ያን ጊዜ «እኔ አልገባም» ማለት ነው።

ንቅሳት ካላችሁ ደግሞ ይበልጥ ቀድማችሁ ተናገሩ። ጃፓን ውስጥ ንቅሳት ያኩዛ ከሚባሉት የወንበዴ ቡድኖች ጋር ተያይዞ ስለሚታይ ብዙ መታጠቢያ ቤቶች የተነቀሰ ሰው አያስገቡም። ግንባር ወይም አንገት ላይ ያለ የመስቀል ንቅሳት ለእኛ ምን እንደሆነ በር ላይ ያለው ሠራተኛ አያውቅም፤ የሚያውቀው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ደንብ ነው። ክንድ ላይ ያለ ትንሽ ንቅሳት በቆዳ ቀለም ፕላስተር ተሸፍኖ የሚፈቀድባቸው ቤቶች አሉ። የግንባርና የአንገት ግን እንዲህ አይሸፈንም፣ ስለዚህ ለብቻ የሚከራየውን ያዙ። ጃፓናዊ ጓደኛችሁ ስልክ ደውሎ እንዲጠይቅላችሁ አድርጉ፤ ወይም ራሳችሁ «ታቱ ዳይጆቡ ዴስ ካ» ብላችሁ ጠይቁ። የዋና ልብስ የሚለበስበት ቦታም ቢሆን ይፈቀዳል ብላችሁ አትገምቱ።

ለ) ስለ ገንዘብ። ጃፓን ውስጥ በእኩዮች መካከል ያለው ልማድ ዋሪካን ነው፦ ሒሳቡ ለሰው ቁጥር ይካፈላል። እኛ ቤት ሒሳብ መሻማት ፍቅር ነው። እዚያ ግን ገና የተዋወቃችሁት ሰው ሁሉንም ከከፈላችሁለት ውለታ ይሆንበታል፤ እንዴት እንደሚመልስ ሲያስብ ይውላል። የድርሻችሁን ክፈሉ። ቸርነታችሁን በሌላ መንገድ አሳዩ፦ ቤት የቆላችሁትን ቆሎ በትንንሽ ከረጢት አድርጋችሁ ባቡር ውስጥ አዙሩላቸው። ይኼ በጣም የሚወደድ ነገር ነው።

ሐ) ስለ ሰዓትና ስለ ቃል። 7:00 ከተባለ 6:50 ላይ ቆማችሁ ተገኙ። ደግሞ አንድ ሐሳብ አቅርባችሁ ጓደኛችሁ «ቾት...» ብሎ ድምፁን ከጎተተው እምቢ ማለቱ ነው። ደግማችሁ አትጫኑት።

ደረጃ 2፦ ቀን ምረጡ

የሥራ ቀን ከቅዳሜና እሑድ በእጅጉ ይሻላል፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ መኪና ሲበዛ አውቶቡሱ ይቆማል። ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ግንቦት መጀመሪያ በፈረንጆች አቆጣጠር ያለውን የበዓላት ሳምንት፣ ቅጠሉ የሚቀላበትን የኅዳር ቅዳሜና እሑድም ተዉ። ጃንዋሪ 2 እና 3 የዩኒቨርሲቲዎች የዱላ ቅብብል ሩጫ ከቶኪዮ አሺ ሐይቅ ደርሶ ይመለሳል፤ መንገዶች ይዘጋሉ። ሩጫውን ለማየት ካልሆነ አትሂዱ።

ከጁን አጋማሽ እስከ ጁላይ የተራራው ባቡር ሐዲድ ዳርና ዳር አጂሳይ በሚባለው አበባ ይሞላል። ዝናባማ ወቅት ስለሆነ ጃንጥላ ያዙ።

ደረጃ 3፦ ባቡሩን ያዙ

ከቶኪዮ ሦስት መንገድ አለ።

1. ቶኪዮ ውስጥ ካለው ከሺንጁኩ ጣቢያ፣ ሮማንስካር በሚባለው የኦዳክዩ ኩባንያ ፈጣን ባቡር። ሳይቀየር ሃኮኔ ዩሞቶ ድረስ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያደርሳል። ወንበሩ ቁጥር ያለው ስለሆነ ከመደበኛው ዋጋ በላይ ተጨማሪ ይከፈልበታል። ትኬቱ ለሽያጭ የሚቀርበው ከጉዞው አንድ ወር በፊት ነው፤ የቅዳሜ ጠዋት ወንበር ቶሎ ያልቃል። ከአዲስ ጓደኞች ጋር ስትሄዱ ይኼን እመርጣለሁ። አብሮ ተቀምጦ መብላትና መጫወት ይቻላል፤ በከተማ ባቡር ውስጥ ግን ምግብ አይበላም፣ ጮክ ተብሎም አይወራም።
2. በዚያው መስመር መደበኛው ባቡር እስከ ኦዳዋራ፣ ከዚያ ወደ ሃኮኔ ዩሞቶ መቀየር። ርካሽ ነው፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል።
3. ከቶኪዮ ጣቢያ ሺንካንሰን በሚባለው እጅግ ፈጣን ባቡር እስከ ኦዳዋራ። ኮዳማ የሚባለው 35 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ኖዞሚ የሚባለው ኦዳዋራ ስለማይቆም ተሳስታችሁ እንዳትሳፈሩ።

ቀጥሎ ስለ ሃኮኔ ፍሪ ፓስ አስቡ። ከሺንጁኩ ደርሶ መልሱን፣ የተራራውን ባቡር፣ በገመድ የሚጎተተውን ባቡር፣ ሮፕዌዩን (በገመድ ተንጠልጥሎ በአየር ላይ የሚሄደውን)፣ የሐይቁን መርከብና የሃኮኔ ቶዛን አውቶቡሶችን ያጠቃልላል። የሚሸጠው ለ2 ወይም ለ3 ቀን ነው፤ የአንድ ቀን የለም። ቢሆንም ሙሉውን ዙር የምትዞሩ ከሆነ ለአንድ ቀንም ሊያዋጣ ስለሚችል የዕለቱን ዋጋ አይታችሁ ደምሩ። ዩኔሳን ብቻ ወይም ዩሞቶ ብቻ ውላችሁ የምትመለሱ ከሆነ አያስፈልግም። የሮማንስካር ተጨማሪ ክፍያ ፓስ ውስጥ እንደሌለ አትርሱ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 4፦ ዙሩን ጠዋት ጀምሩ፣ ገላውን ለማታ አቆዩ

ከሺንጁኩ 7:00 ገደማ ተነሡ። ሮፕዌዩና መርከቡ አመሻሽ ላይ ሥራ ያቆማሉ፤ መታጠቢያ ቤቶች ግን ብዙዎቹ እስከ ማታ ክፍት ናቸው። ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ይኼ ነው። ጠዋት መጀመሩ ሌላም ጥቅም አለው፦ ፉጂ ተራራ ደመና ሳይሸፍነው የመታየት ዕድሉ ጠዋት ይበልጣል። ደግሞም በሙቅ ውኃ የተዝለፈለፈ ሰው ከዚያ በኋላ ተራራ መውጣት አይፈልግም።

1. ሃኮኔ ዩሞቶ ላይ ሻንጣ ካላችሁ ሳጥን ውስጥ ቆልፉ።
2. የተራራውን ባቡር ወደ ጎራ ያዙ። 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ቁልቁለቱ በየ1,000 ሜትሩ 80 ሜትር ስለሚደርስ ባቡሩ ሦስት ቦታ ላይ ይቆምና በመጣበት አቅጣጫ ተገልብጦ ይወጣል። ሲቆም ብልሽት መስሏችሁ አትውረዱ። ሹፌሩና ረዳቱ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በመድረኩ ላይ ሲቀያየሩ በመስኮት ታያላችሁ።
3. ጎራ ላይ በገመድ ወደሚጎተተው ባቡር ቀይሩ፤ 10 ደቂቃ ያህል ወደ ሶዉንዛን።
4. ከሶዉንዛን በሮፕዌይ ወደ ኦዋኩዳኒ። ከፍታ የሚያስፈራው ጓደኛ ካላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ጋራውን ስታልፉ የሚያጨሰው ሸለቆ በድንገት ከእግራችሁ ሥር ይከፈታል።

ደረጃ 5፦ ኦዋኩዳኒ

ማስጠንቀቂያ። እዚህ ከመሬት የሚወጣው የድኝ ጋዝ ቀልድ አይደለም። አስም፣ የሳንባ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም እዚህ እንዳትወርድ ይመከራል። ከጓደኞቻችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለ እዚህ ሳይደርስ ዩሞቶ ወይም ጎራ ላይ የሚውልበትን ፕሮግራም አውጡ። ጤነኛ የሆነም ቢሆን ዓይኑ ካቃጠለው ወይም ማሳል ከጀመረ ወደ ሕንጻው ይግባ። ከአጥሩ አትለፉ።

ሮፕዌዩ በነፋስና በጋዝ ምክንያት በማንኛውም ቀን ሊቆም ይችላል። በ2015 እና በ2019 በፈረንጆች አቆጣጠር ተራራው ሲነቃ ለወራት ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ጠዋት ከቤት ሳትወጡ ሁለት ነገር እዩ፦ የሮፕዌዩን የዕለት ሁኔታ፣ እና የጃፓን ሜትሮሎጂ ድርጅት ለሃኮኔ ተራራ የሰጠውን የማስጠንቀቂያ ደረጃ። ደረጃው ከ1 እስከ 5 ነው፤ 1 ከሆነ መደበኛ ነው።

እዚህ የሚሸጠው ጥቁር ዕንቁላል ተቃጥሎ አይደለም። ፍል ውኃው ውስጥ ያለው ብረት ቅርፊቱ ላይ ይጣበቃል፣ ከድኙ ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። ስትልጡት ውስጡ እንደማንኛውም ቅቅል ነጭ ነው፤ ጣታችሁ ላይ ግን ጥቁር ዱቄት ይቀራል። አንዱን የበላ ዕድሜው በሰባት ዓመት ይጨምራል ይባላል። በከረጢት ብዙ ሆኖ ስለሚሸጥ አንድ ከረጢት ገዝታችሁ ተካፈሉ።

ደረጃ 6፦ ምሳ

ምግብ ቤቶቹ ከ12:00 እስከ 13:30 ወረፋ ናቸው፤ 11:30 ላይ ወይም 14:00 ላይ ብሉ። ጾም ከሆነ ተጠንቀቁ፤ አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባ ዳሺ ውስጡ አለ፣ ዳሺ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዓሣ ይሠራል። ሶባ የሚባለው ኑድል ማጥቀሻም እንደዚሁ። ዓሣ በጾም ለማትበሉ የራሳችሁን ምግብ ከቤት መያዝ ነው የሚያዋጣው። የማትበሉትን ለመናገር እነዚህን ያዙ፦ ኒኩ ሥጋ፣ ሳካና ዓሣ፣ ታማጎ ዕንቁላል፣ ቡታ የአሳማ ሥጋ። ሙስሊም አንባቢዎቼ፣ ሚሪን የሚባለው ማጣፈጫ አልኮል ያለበት ስለሆነ እሱንም ጠይቁ።

ጉርሻ አትስጡ፤ ገንዘቡን ረስታችሁት የሄዳችሁ መስሏቸው እየሮጡ ይመልሱላችኋል።

ደረጃ 7፦ ሐይቁና መመለሻው

ኦዋኩዳኒ ላይ ሌላ ሮፕዌይ ቀይራችሁ ቶገንዳይ ውረዱ። ከዚያ መርከቡ አሺ ሐይቅን አቋርጦ በግማሽ ሰዓት ገደማ ሞቶ ሃኮኔ ወይም ሃኮኔማቺ ያደርሳችኋል። የሞቶ ሃኮኔን ምረጡ፤ ውኃው ውስጥ የቆመው ቀይ የቤተ መቅደስ በር ከዚያ በእግር ይደረሳል። ፎቶ ለመነሣት ረጅም ሰልፍ ካለ አትጠብቁ፣ ሰዓቱ የሚያልቀው እዚህ ነው።

ከሞቶ ሃኮኔ ወደ ሃኮኔ ዩሞቶ አውቶቡስ 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ቅዳሜና እሑድ ግን እጥፍ ቢሆን አትገረሙ። 16:00 ሳይሞላ ተሳፈሩ።

ደረጃ 8፦ ገላ መታጠብ

ከምግብ በኋላ ወዲያው፣ ወይም አልኮል ጠጥታችሁ አትግቡ። ሙቀቱ የደም ሥርን ስለሚያሰፋ የደም ግፊት ይወርዳል፤ መጠጥ ሲጨመርበት ሰው ውኃ ውስጥ ይወድቃል። የልብ ሕመም ወይም ያልተስተካከለ የደም ግፊት ያለበት ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይግባ።

1. ጫማችሁን ደጅ ባለው ሳጥን አስቀምጡ፣ ቁልፉን ያዙ።
2. መጋረጃውን እዩ። ብዙ ጊዜ ቀዩ ለሴት፣ ሰማያዊው ለወንድ ነው። ቀለሙ ካሳታችሁ ፊደሉን እዩ፦ የወንዱ ላይ አራት መስታወት እንዳለው መስኮት ያለ ሳጥን አለ፣ ከሥሩ እግር ወጥቶለታል። የሴቷ እግሩን አጣምሮ የተቀመጠ ሰው ይመስላል፣ መሃሉ ላይ አግድም መስመር አለ። ጠዋት ያያችሁትን አትመኑ፤ ሁለቱን ክፍሎች ለወንድና ለሴት እያፈራረቁ የሚያቀያይሩ ቤቶች አሉ።
3. ልብስ ማውለቂያው ክፍል ውስጥ ሁሉንም አውልቁ። ስልክ ሳጥን ውስጥ ይቆለፍ። ሰዓት ለማየት እንኳን አታውጡት፤ ካሜራ ስለሆነ ሰው ይደነግጣል።
4. ትንሿን ፎጣ ይዛችሁ ግቡ። ዝቅ ባለው መቀመጫ ላይ ተቀምጣችሁ በሳሙና ሙሉ ገላችሁን ታጠቡ። ቆማችሁ አትታጠቡ፤ ጎረቤታችሁ ላይ ይረጫል። ቅባት ተቀብታችሁ ከሆነ ሁለት ጊዜ ታጠቡ። ሳሙናው ጨርሶ እስኪለቅ ተለቃለቁ፣ መቀመጫውንም አጥባችሁ መልሱ። ለጋራ የሚሆን ውኃ ውስጥ የምትገቡት ለማረፍ እንጂ ለመታጠብ እንዳልሆነ ያሰባችሁ እንደሆነ ደንቦቹ ሁሉ ከዚህ የመጡ መሆናቸው ይገባችኋል።
5. ፀጉራችሁን ከአንገት በላይ እሰሩ።
6. ከመግባታችሁ በፊት ከገንዳው በባልዲ ውኃ እየቀዳችሁ ከእግራችሁ ጀምራችሁ ወደ ላይ አፍስሱ። ካኬዩ ይባላል። ውኃው ከ40 እስከ 42 ዲግሪ ስለሚሆን ገላን ያለማምዳል።
7. ቀስ ብላችሁ ግቡ፣ አትዝለሉ፣ አትዋኙ። ፎጣዋ ውኃ አይንካት፤ ታጥፋ አናታችሁ ላይ ትቀመጣለች።
8. ለመጀመሪያ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። እኔ ጓደኞቼ ሳይወጡ መውጣት አፍሬ 20 ደቂቃ ያህል ተቀመጥኩ፤ ስነሣ ዓይኔ ጨለመ፣ ግድግዳ ይዤ ነው የቆምኩት። ከእናንተ ጋር ያሉት ከልጅነታቸው የለመዱ ናቸው፤ አትፎካከሩ። ቀድማችሁ ስትወጡ «ኦሳኪ ኒ» በሉ፣ ቀደምኳችሁ እንደማለት ነው።
9. ስትነሡ ቀስ በሉ። መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ተቀመጡ፣ ከዚያ ቁሙ።
10. ወደ ልብስ ክፍሉ ከመግባታችሁ በፊት በትንሿ ፎጣ ውኃውን አድርቁ፤ ወለሉ ከረጠበ ሌላው ይንሸራተታል።
11. ውኃ ጠጡ፣ 20 ደቂቃ ተቀመጡ። ቆዳችሁ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ በንጹሕ ውኃ ተለቃለቁ።

ሰው ራሱን ከሳተ ከውኃው አውጥታችሁ አስተኙት፣ ሠራተኛ ጥሩ። የአምቡላንስ ቁጥር 119 ነው።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ዙሩንም፣ ሙዚየሙንም፣ ሁለት መታጠቢያ ቤትም በአንድ ቀን ለማድረግ መሞከር። አይሆንም፤ አንዱን ተዉ። ቡድናችሁ ከስድስት ሰው በላይ ከሆነ ወይም ሰዓት የማያከብር ሰው ካለ መርከቡን ትታችሁ ከኦዋኩዳኒ በመጣችሁበት ተመለሱ።

መገናኛ ሰዓት ሳይወስኑ መለያየት። መታጠቢያው ውስጥ ስልክ የለም። ከመግባታችሁ በፊት «17:45 ሳሎኑ ውስጥ» ተባብላችሁ ግቡ።

ነጭ ወይም ውድ ልብስ መልበስ። የድኙ ሽታ ልብስ ላይ እስከ ማግስቱ ይቆያል።

የመግቢያ ዋጋ ላይ ብቻ መቁጠር። አንዳንድ ቤት የፍል ውኃ ቀረጥ፣ የፎጣ ኪራይና የሳጥን ክፍያ ለየብቻ ይጨምራል።

ሮፕዌዩ ሲቆም ቀኑ ተበላሸ ማለት። ብዙ ጊዜ ምትክ አውቶቡስ ይኖራል፤ ጣቢያው ላይ ጠይቁ።

ደረጃ 9፦ ከተመለሳችሁ በኋላ

ዩሞቶ ጣቢያ ፊት ለፊት ባሉት ሱቆች ኦንሰን ማንጁ የሚባለውን በባቄላ የተሞላ ጣፋጭ በሳጥን ግዙ። በየፍሬው ለብቻ የታሸገውን ምረጡ፤ ሰኞ ለቤተ ሙከራ ወይም ለቢሮ ባልደረቦች አንዳንድ እያነሡ የሚወስዱት ስለሆነ ከሰው ቁጥር እንዳያንስ ቆጥራችሁ ግዙ።

አንድ ሰው ለሁሉም የከፈለው ነገር ካለ ሒሳቡን ባቡር ውስጥ ሳላችሁ ጨርሱት፤ ሲያድር መጠየቁም መክፈሉም ያሳፍራል። ማታ ቤት ስትገቡ አጭር የምስጋና መልእክትና ፎቶዎቹን ለቡድኑ ላኩ። የሰው ፊት ያለበትን ፎቶ ግን ሳትጠይቁ ለሕዝብ አትለጥፉ፤ በዚህ የሚከፉ ብዙ ናቸው፣ ፊት ለፊትም አይነግሯችሁም።